ሶሪማ ያወጣል

ሰው ሲታመም ጠያቂው ሁሉ ሐኪም ይሆናል፤ ይህን ጥርስ ሠሪዋ እናቷ ከወደቀች ጀምሮ በደንብ አይታዋለች። መኪና ልትገዛ ነው የተባለ ጊዜ ግን ጠያቂው ሁሉ ሐኪምም፣ መካኒክም፣ ነቢይም ሆኖ ቁጭ አለ። ወሬው ከቤት በወጣ በሁለተኛው ቀን፣ ስማቸውን በቅጡ የማታውቃቸው የታችኛው ፎቅ የሒሳብ ሹም ደረጃ ላይ አስቁመዋት፣ «ሌላ ነገር እንዳትገዢ፤ ሶሪማ ግዢ» ብለዋት እየተጣደፉ ወረዱ። ለምን ብላ አልጠየቀቻቸውም። እሳቸውም አልነገሯትም።

ጥርስ ሠሪ የሚሏት እውነትም ጥርስ ስለምትሠራ ነው። ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ፣ አንድ መስኮት ብቻ ባላት ክፍል ተቀምጣ፣ ሰዎች የነከሱትን የጄሶ ቅርጽ እያገላበጠች ሰው ሠራሽ ጥርስ ታበጃለች። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። የፀጉር ውፍረት ያህል ከፍ ያለ ጥርስ አፍ ውስጥ ሲገባ የድንጋይ ያህል ይሰማል፤ ስለዚህ ትሞርዳለች፣ ትለካለች፣ እንደገና ትሞርዳለች። መዘዝ ያመጣባትም ይኸው ልማዷ ነው። መኪናም እየለኩና እየሞረዱ የሚደርሱበት ነገር መስሏት ሠንጠረዥ ሠራች። በግራ በኩል አርባ ጥያቄ፣ ከላይ ደግሞ የሦስት ፋብሪካ ስም፦ ሶሪማ፣ ሄልቪግ፣ ጉሎ።

መኪናው ያስፈለገው ለእናቷ ነው። እናቷ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ፖስታ አመላላሽ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከተማውን በእግሯ ስትዞረው ኖራ፣ መጨረሻ ላይ የገዛ ቤቷን ሁለት ደረጃ ስትወርድ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው መልካም ሆነ። ሐኪሙ ግን ፈገግታ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው ነበርና ለጥርስ ሠሪዋ እንዲህ አላት፦ «በሳምንት ሁለት ቀን እዚህ እየመጡ እግራቸውን ማሠራት አለባቸው። ስድስት ሳምንት ሳያልፍ ካልተፍታታ መገጣጠሚያው እንደ ታጠፈ ይቀራል። ያን ጊዜ ብትመጡ የማደርግላችሁ ነገር የለም።»

እናቷ የሄደችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ጥርስ ሠሪዋ ሥራ ላይ ስለነበረች በታክሲ ብቻዋን ሄዳ፣ ብቻዋን ተመለሰች። ስትገባ ፊቷ ጥቁር ብሎ ነበር።

«ሁለተኛ ታክሲ አልሳፈርም» አለች።

«ምን ሆንሽ እማ?»

«ምንም አልሆንኩ። አልሳፈርም አልኩ፣ አልሳፈርም። ስንቴ ልናገር?»

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀጠሮ አለፋት፤ ቀጥሎ ሁለት፤ ቀጥሎ ሁለት። ታላቅ ወንድሟ የሚነዳው የባንኩን መኪና ስለሆነ ከሥራ ውጭ ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። አጎቷ ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ከተዉ ቆይተዋል። ስለዚህ ጥርስ ሠሪዋ ለሌላ ጉዳይ ያስቀመጠችውን ገንዘብ አወጣችና መኪና ፍለጋ ተነሣች። ከስድስቱ ሳምንት ሦስቱ በምርጫ አለቁ።

ወንድሟ ባንክ ውስጥ ንብረት ገማች ነው። ቤት፣ መጋዘን፣ የእህል ወፍጮ፣ ምኑም ምኑም ፊቱ ይቀርባል፤ እሱም ዙሪያውን አንዴ ዞሮ ነገ ሲሸጥ ስንት እንደሚያወጣ ይናገራል። ሥራው አጥንቱ ድረስ ገብቷል። በራሱ ሰርግ ዕለት እንኳ ሙሽራዪቱን አስከትሎ ሲገባ ቀና ብሎ አዳራሹን አየና፣ «ጣሪያው ባይሰነጠቅ ኖሮ ጥሩ ያወጣ ነበር» ያለ ሰው ነው። ሚስቱ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ጥርስ ሠሪዋ ሠንጠረዡን ስትጀምር ለእሱ ደውላ፣ «ጋሼ፣ እማዬን አንተ ጠይቃት፤ ለእኔ ስትሆን ዝም ነው የምትለው። ምን ዓይነት መኪና እንደምትፈልግ በራሷ አፍ ትንገርህ» አለችው። በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ እናቱ ዘንድ ጎራ ብሎ ጠየቃት፤ ከቤቷ እየወጣም መልሷን በስልኩ ጽፎ ላከ፦

«ጠየቅኳት። የሚያወጣ ይሁን ብቻ፣ ሌላው ግድ የለኝም ብላለች።»

ጥርስ ሠሪዋ መልእክቱን ሁለቴ አነበበችው። እናቷ በዕድሜዋ ሙሉ ስለ ሽያጭ ዋጋ ተጨንቃ አታውቅም፤ ጫማ እንኳ ሶሉ እስኪያልቅ አድርጋ የምትጥል ሴት ናት። ታዲያ ዛሬ ምን ነካት? ቆይቶ መልሱ መጣላት። ለካ እናቷ፣ «እኔ ብዙም አልቆይ፤ ስሞት ትሸጪዋለሽ፤ ያኔ እንዳትከስሪ» ማለቷ ነው። ይህን ደግሞ እንዴት አድርጋ፣ በየትኛው አፏ ትጠይቃት? አልጠየቀቻትም። ብቻ «ሲሸጥ የሚያወጣ» የሚለውን ጥያቄ ከሠላሳ አንደኛው ረድፍ አንሥታ አንደኛ ላይ አስቀመጠችው፤ ነጥቡንም በሦስት እጥፍ አደረገችው።

እሑድ ዕለት ሁሉም እናትየው ቤት ተሰበሰቡ። አጎቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ዘመድ በሙሉ «ተሳቢው» ይላቸዋል፤ አንድ ቃል ከተናገሩ ከኋላው ረጅም ታሪክ መጎተታቸው አይቀርምና።

«ሄልቪግ መኪና ነው» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ቆርቆሮውን በጣትሽ ስትመቺው ድም! ይላል። ሶሪማን ስትመቺው ጠሽ። ድም እና ጠሽ! ከዚህ ወዲያ ምን ሠንጠረዥ ያስፈልጋል?»

«አጎቴ፣ ከበሮ ነው እንዴ የምገዛው?»

«ሳቂ፣ ሳቂ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሄልቪግ ሞተር ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን፣ ድልድዩ በጎርፍ ተወስዶ…»

«የሄልቪግ መለዋወጫ በቀጠሮ ነው የሚመጣው» አለ ገማቹ ድልድዩ ላይ ሳይደርሱ ለመቅደም። «ለአንዲት የመስታወት ማውረጃ ሦስት ወር ይጠበቃል።»

«ስለማይበላሽ ነዋ! የማይፈለግ ዕቃ ማን ያስመጣል?»

«እሺ ይሁን። ነገ ስትሸጠውስ?»

«ኧረ አንተ ልጅ! ሳትገዛው ትሸጥላታለህ እንዴ? ገና ቁልፉን እኮ አልያዘችም!»

«ሶሪማ ያወጣል» አለ ገማቹ፣ ሰነድ ላይ ማኅተም እንደሚያሳርፍ ሰው ረጋ ብሎ። «ዛሬ ገዝተሽ ነገ አውጪው፤ አፍሽን ሳትዘጊ ይወስዱልሻል። በዚያ ላይ እማዬም ያለችው ይሄንኑ ነው።»

«ጉሎስ?» አለች ጥርስ ሠሪዋ። «ነዳጅ በመቆጠብ ከሁሉም ይበልጣል። ለከተማ…»

ተሳቢው ጉልበታቸውን መቱ። «ጉሎ? የጉሎ ዘይት ነው የምትገዢው? እሱ እኮ ሆድ ለማስኬድ እንጂ ሰው ለማስኬድ አይደለም!» በራሳቸው ቀልድ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ደግሞ ቁመናው! ቁም ሣጥን ጎማ የገጠሙለት ይመስላል። ማን ይሆን እንዲህ ያለ ስም ያወጣለት?»

«ጉሎ አያወጣም» አለ ገማቹ፣ በሙያተኛ ሐዘን።

እናትየው በመስኮቱ አጠገብ፣ ከፍ ባለችው የእንጨት ወንበሯ ላይ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። እስካሁን ማንም ወደሷ አልዞረም።

«ወንበሩስ?» አለች።

«የሶሪማ ወንበር ቆዳ ነው፣ እማ» አለ ልጇ። «በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው፤ ይጠራል።»

«አይደለም፣ እኔ እንኳን የምለው…»

«ለጉድ ነው የሚመች! ሰውነትሽን ጥልቅ አድርጎ ነው የሚይዝሽ። አንዴ ከተቀመጥሽ መነሣት አያሰኝሽም።»

እናትየው አፏን ከፈት አድርጋ ዘጋችው፤ ፊቷንም ወደ መስኮቱ መለሰች። ጥርስ ሠሪዋ ይህን አይታለች። «ቆይ፣ እማ ምን ልትል ነበር?» ልትል ነበር፤ ነገር ግን ተሳቢው ድልድዩ ላይ ደርሰው፣ ጎርፉም መጥቶ፣ ሁለት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ከነተሳቢው ዘንበል ብሎ ነበርና ቤቱ በሳቸው ድምፅ ተሞላ።

መኪና የሚሸጠውን ደላላ ሰፈሩ ሁሉ «አይዞሽ» ይለዋል። ሰውዬው የሰውን ጥያቄ የሚመልሰው በዚህች ቃል ብቻ ነው። ጥርስ ሠሪዋ ሠንጠረዧን ታቅፋ ግቢው ስትገባ በሁለት እጁ ተቀበላት።

«ፍሬኑስ?»

«አይዞሽ።»

«እንዴት ነው አይዞሽ? ይይዛል ወይ ነው የምልህ።»

«አይዞሽ እህቴ፣ እኔ ልጆቼን የምጭንበት መኪና ነው።»

«ባለፈው ያሳየኸኝንም ልጆቼን የምጭንበት ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ልጆቼ ብዙ ናቸው፤ አይዞሽ።»

አይዞሽ በተባለች ቁጥር የበለጠ እየፈራች፣ አርባውን ጥያቄ በሦስቱም መኪና ላይ ጠየቀች። ሄልቪጉን ነዳችው፤ እውነትም ድም ይላል፣ ግን ለመግባት መሰላል የሚያስፈልገው ነው። ሶሪማውን ነዳችው፤ ዝቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ መንገዱን እንደ ቅቤ የሚቆርጥ። ጉሎው ከግቢው ጥግ አቧራ ለብሶ ቆሟል፤ አይዞሽ ራሱ በአጠገቡ ሲያልፍ አያየውም። ማታ ነጥቡን ደመረችው። ሶሪማ በሰፊው አሸነፈ። ማክሰኞ ፈርማ ቁልፉን ተቀበለች። ሐሙስ የእናቷ ቀጠሮ ነው፤ አራተኛው ሳምንት ሊያልቅ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሶሪማውን እናቷ በር ላይ አመጣችው። ወንድሟም አጎቷም «እንኳን ደስ ያለሽ» ለማለት ቀድመው ደርሰው ነበር። ተሳቢው በጣታቸው ኮፈኑን መቱና፣ «ጠሽ» አሉ ለማንም ሳይሆን። ገማቹ ዙሪያውን ዞሮ በረካ ፊት ራሱን ነቀነቀ።

እናትየው ወጣች። የሥራ ጊዜዋን ሰማያዊ ኮት ለብሳለች። ምርኩዟን ለልጇ ሰጠችና፣ የመኪናውን ጣሪያ ይዛ፣ ጀርባዋን አዙራ ልትቀመጥ ስትል… ወንበሩ ካሰበችው በታች ሆነባትና ጧ ብላ ወደቀችበት።

«ይመቻል አይደል?» አለ ገማቹ።

ጥርስ ሠሪዋ እግሯን አስገብታላት፣ በሩን ዘግታ፣ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ልታዞራት ነዳች። ከሦስተኛው መታጠፊያ በኋላ የእናቷ ፊት ፈታ አለ። «እዚህ ቤት ውሻ ነበር፤ ስንት ሱሪዬን ቀደደው» አለች። «እዚያ ማዶ ደግሞ አንድ ሰው በየወሩ ለራሱ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። እኔው ነኝ የማደርስለት።» ጥርስ ሠሪዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተከማቸባት ድካም ከትከሻዋ ሲወርድ ተሰማት። ተመልሳ በሩ ላይ አቆመችና፣ ዞራ የእናቷን በር ከፈተችላት።

እናትየው እግሮቿን አወጣች። የበሩን ጠርዝ ያዘች። ወደ ፊት አንዴ ተወዛወዘች፤ አልተነሣችም። ሁለተኛ ተወዛወዘች። ሦስተኛ። ጉልበቶቿ ከወገቧ በላይ ነበሩ፤ የታመመው እግሯ ከሥሯ ሊገባላት አልቻለም።

«ቆይ፣ እኔ አለሁ» ብለው ተሳቢው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«እጅህን ሰብስብ!»

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብብትሽን ብቻ…»

«እጅህን ሰብስብ አልኩህ!»

ገማቹ በሾፌሩ በር ገብቶ ከኋላዋ ሊገፋት ሞከረ፤ በክርኗ ደረቱን አለችው። ከማዶ ቤት አንዲት ሴት በረንዳ ላይ ወጥታ ታይ ጀመር። ከዚያ አንድ ሌላ ሰው። ጥርስ ሠሪዋ እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም፦ እናቷ የኮቷን ጫፍ ጨብጣ፣ መሬት መሬት ታያለች።

«ያን ቀንም እንዲህ ነው የሆንኩት» አለች ቀስ ብላ። «ክሊኒኩ በር ላይ። ታክሲው ዝቅ ያለ ነበር፤ መነሣት አቃተኝ። ከኋላ መኪና ጥሩንባ ይነፋል። ሾፌሩና ሁለት የማላውቃቸው ወንዶች ብብቴን ይዘው እንደ ጆንያ ጎትተው አወጡኝ። ቀሚሴ እስከዚህ ድረስ ተሰብስቦ። ሰው ሁሉ ያየኛል። አንዱ ይስቅ ነበር።» ቀና ብላ ልጇን፣ ገማቹን፣ አየችው። «የሚያወጣኝ ይሁን አላልኩህም?»

«ብለሻል እንጂ! እኔም ጽፌላታለሁ» አለ ገማቹ፣ ስልኩን ከኪሱ እየመዘዘ። «ይኸው፤ ‹የሚያወጣ ይሁን ብቻ…›»

«ኝስ?»

«ምን ኝ?»

«ኝ ነዋ! የሚያወጣኝ! እኔን! ከወንበሩ ላይ አንሥቶ የሚያወጣኝ! ኝን የት አደረስካት?»

ገማቹ ስልኩን አየ፤ እናቱን አየ፤ እንደገና ስልኩን አየ። «እኔ… ሲሸጥ ያልሽ መስሎኝ ነው እኮ። ያው ሁሉም ሰው የሚለው…»

«ገምቶ ሸጧታል ፊደሏን» አሉ ተሳቢው።

ጥርስ ሠሪዋ የለፋችውን በልቧ ቆጠረች። ሦስት ሳምንት። አርባ ረድፍ። የዘይት ማጣሪያ ዋጋ በሦስት ሱቅ አጠያይቃለች። የጎማ ልክ በቃሏ ታውቃለች። እናቷ ስለ ሞቷ እያሰበች ነው ብላ ስንት ጊዜ ትራሷን አርጥባለች! ሴትዮዋ ግን ያሰበችው ስለ መነሣት ብቻ ነበር። ወንድሟን ማነቅ ፈለገች፤ ከዚያ ራሷን ማነቅ ፈለገች፤ ምክንያቱም ጥያቄውን በሰው አፍ የጠየቀችው፣ መልሱንም በስልክ አንብባ ያመነችው እሷው ናት።

ግን እናቷ አሁንም መኪናው ውስጥ ናት።

«እማ፣ እግርሽን መልሺ» አለቻት።

«ወዴት ልትወስጂኝ ነው?»

«የትም። እግርሽን ብቻ መልሺ።»

መኪናውን አስነሣችና ወደ መንገዱ ማዶ አሻገረችው። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ዝቅ ባለበት ቦታ አድርጋ ከነአራት ጎማው ወደ ላይ ሰቀለችው፤ የእናቷ በር ወደ መንገዱ እንዲዞር፣ ጎማዎቹም ልክ ጠርዙ ላይ እንዲቆሙ እያየች ቀስ ብላ አቆመች። በረንዳ ላይ ያለችው ሴትዮ «ኧረ አበባዬን!» ብላ ጮኸች። ተሳቢው መንገዱ መሐል ገብተው የሚመጣውን መኪና ሁሉ በሁለት እጃቸው አገዱ፤ ከጡረታ በኋላ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

«አሁን እግሮችሽን አውጪ» አለች ጥርስ ሠሪዋ።

እናትየው እግሮቿን አወጣች። ከእግረኛ መንገዱ አልፈው አስፋልቱ ላይ፣ የጠርዙን ያህል ዝቅ ብለው አረፉ። የበሩን ጠርዝ ያዘች፤ አንዴ ተወዛወዘችና ቆመች። በቃ ቆመች። የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች፣ ምርኩዟን ተቀበለች፣ ማንንም ሳታይ መንገዱን ተሻግራ ቤቷ ገባች።

ጥርስ ሠሪዋ ከቦርሳዋ ሜትሯን አወጣችና መንገዱ ላይ ተንበረከከች። ከአስፋልቱ እስከ ጠርዙ አሥራ ሦስት ሴንቲ። ከጠርዙ እስከ ወንበሩ አርባ ሰባት። ስልሳ። አርባ ረድፍ ሙሉ ስትፈልገው የከረመችው ነገር ይህ አንድ ቁጥር ነበር። እዚያው ተንበርክካ ደወለች።

«አይዞሽ እህቴ፣ ምን ጎደለ?»

«ከመሬት እስከ ወንበሩ ስንት ሴንቲ ነው?»

«የምኑ?»

«የሁሉም። ግቢህ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለካና ንገረኝ። አሁን፤ እጠብቅሃለሁ።»

ከሩቅ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማት። ሰውዬው ሲመለስ ያለከልካል። «እህቴ፣ ሃያ ዓመት መኪና ስሸጥ ስለ ሞተር ተጠይቄያለሁ፤ ስለ ቀድሞው ባለቤት ጠባይ ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። ወንበር ለካ ያለኝ የለም። ሄልቪጉ ሰባ ስምንት ነው።»

«አትወጣበትም። ቀጥል።»

«ሌሎቹ ሁሉ ከሃምሳ አይበልጡም። አንድ… ከኋላ የቆመው ጉሎ ስልሳ አንድ ነው። ግን እሱን እንኳ…»

«አያወጣም፤ አውቃለሁ። ለውጥልኝ።»

«ኧረ ቁልፉም የት እንደገባ እንጃ!»

«ፈልገው። አይዞህ።»

ለነገሩ ሶሪማው አላሳፈረም። በዚያው ቀን ገና የአይዞሽ ግቢ በር ላይ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ ዙሪያውን ዞረና፣ ሞተሩን ሳያስከፍት «እወስደዋለሁ» አለ። ገማቹ ይህን ሲሰማ ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ። «አላልኩሽም? ሶሪማ ያወጣል!» ጥርስ ሠሪዋ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም፤ ጫማዋ ማሰሪያ ባይኖረው ኖሮ አውልቃ ትወረውርበት ነበር። የጉሎው ቁልፍ ከአንድ ሰዓት ፍለጋ በኋላ ከአሮጌ ባትሪ ሥር ተገኘ።

ሐሙስ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ስታቆም ዘበኛው እጁን እያወናጨፈ መጣ።

«እዚህ ማቆም ክልክል ነው! የአምቡላንስ ቦታ ነው!»

«ሰው ላወርድ ነው፤ አንድ ደቂቃ።»

«አንድ ደቂቃ የለም። ውሰጂው ይህን… ምንድነው ደግሞ ይሄ?»

ጥርስ ሠሪዋ ዞራ ስትመጣ እናቷ በሩን ከፍታ እግሮቿን አውጥታለች። በሩ ሰፊ ነው፤ እንደ ቁም ሣጥን በር ገላልጦ ይከፈታል። እጆቿን ልትዘረጋላት ስትል እናቷ ዓይኗን አፈጠጠችባት።

«እጅሽን ኪስሽ ክተቺ።»

ከተተች። ጣቶቿ ኪሷ ውስጥ ተጨባበጡ። ከኋላ አንድ መኪና ጥሩንባውን ነፋ። የእናቷ አንገት ሸምቀቅ ሲል አየችው፤ ፊቷም የዚያን ቀኑን ዓይነት ሊሆን ሲል።

«አንቺ፣ ጥሩንባ አትሰሚም?» አለ ዘበኛው።

«እሰማለሁ!» ብላ ጮኸችበት፤ ለሒሳብ ሹሙ፣ ለድልድዩ፣ ለጠሽና ለድም፣ ለአይዞሽ፣ ለዚያች ለጎደለች ፊደል ያልጮኸችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ። «እሰማለሁ! ሁላችሁንም እሰማለሁ! ሦስት ሳምንት ስሰማ ነው የከረምኩት! አሁን ዝም በሉና እሷ ትነሣ!»

ዘበኛው ዝም አለ። ከኋላ ያለው መኪናም ዝም አለ፤ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ማየት ጀመረ። እናትየው አንድ ትንፋሽ ሳበች። ወደ ፊት ዘንበል አለች፣ የበሩን ጠርዝ ጨበጠች፣ ተነሣች። መነሣቷ ፈጣን አልነበረም። ግን አንድም እጅ አልነካትም፤ ቀሚሷም ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ምርኩዟን ከወንበሩ ጎን መዝዛ አወጣችና ዘበኛውን አየችው።

«ሦስተኛ ፎቅ ነው አይደል?» አለችው።

«አዎ እናቴ። አሳንሰሩ በግራ ነው። ልደግፍዎት?»

«መንገዱን አሳየኸኝ፤ በቃኝ።»

የመስታወቱን በር ገፍታ ገባች። ሰማያዊ ኮቷ በአዳራሹ ሰው መሐል ትንሽ ታየ፤ ከዚያ አሳንሰሩ ዋጠው።

ጥርስ ሠሪዋ መኪናውን ማንሣት ነበረባት። በሩን ልትዘጋ ይዛው ግን ቆመች፤ ከዚያ ሳታስበው የእናቷ ቦታ ላይ ተቀመጠች፣ እግሮቿንም ወደ ውጭ። ተነሣች። እንደገና ተቀመጠች። ተነሣች።

ዘበኛው ትንሽ ራቅ ብሎ ሲያያት ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህት፣ የትኛው ነው የሚሻልሽ? መቀመጡ ነው ወይስ መነሣቱ?» አላት። ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ በመስኮቱ፣ «መኪናውስ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ።